«እጅሽ ጭስ ጭስ ይላል» አለኝ

ሮቤ ደህና ናት። ብርዱም እንደ ልማዱ ነው። ጎባ ደግሞ ከእኛ ጥቂት ከፍ ስለምትል ብርዷም ጥቂት ከፍ ይላል። የጎባ ልጆች በዚህ እንኳ ይበልጡናል ማለት ነው።

ባለፈው ሳምንት ስለ ቤት ኪራይና ስለ አከራይ ጠባይ ልጽፍላችሁ ቃል ገብቼ ነበር። ይቅርታ፣ ላሳድረው ነው። ምክንያቱም ማክሰኞ ዕለት ከጎባ ሮቤ የሚመላለስ የሚኒባስ ረዳት «አንተ ነህ እንዴ ጋዜጣ ላይ የምትጽፈው?» ብሎ አንድ ወፈር ያለ ፖስታ አስጨበጠኝ። ስከፍተው ሁለት ገጽ ደብዳቤና መዳፍ የምታህል ጣውላ። ጣውላዋ ላይ ቀይ ቀበሮ ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ ጅራቱን አፍንጫው ላይ አድርጓል። በቀለም እንዳይመስላችሁ። በእርሳስም አይደለም። በእሳት ነው የተሳለው! ሽታው እንኳ ገና አልለቀቃትም።

ደብዳቤው ጥቂት አሳጥሬው እንዲህ ይላል።

«ወንድሜ፣ የጎባ ልጅ ነኝ፤ ዕድሜዬ 23 ነው። አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ነጥብ ስላልመጣልኝ ቤት ነው ያለሁት። ከሁለት ዓመት በፊት የአጎቴ ልጅ ሚስማር አግሎ በርጩማ ላይ ስሙን ሲጽፍ አየሁና እኔም ሞከርኩ። ከዚያ ወዲህ አልተውኩትም። ማታ የቤቱን ሥራ ስጨርስ ከሰሌን ይዤ መኝታ ቤት እገባለሁ፤ ብርድ ስለሆነ በሩንም መስኮቱንም ዘግቼ እስከ አምስት ስድስት ሰዓት እሠራለሁ። አንዳንዴ ራሴን ያመኛል፣ ያጥወለውለኛል እንጂ ደስ ይለኛል። እናቴ ግን ‹እሳት የሴት ልጅ መጫወቻ አይደለም፤ አንድ ቀን ታቃጥይናለሽ› ትላለች። እጮኛዬ መምህር ነው፤ ጥሩ ሰው ነው። ባለፈው ግን ‹እጅሽ ጭስ ጭስ ይላል፤ ከሠርጋችን በኋላ ይሄን ነገር ትተያለሽ አይደል?› አለኝ። ዝም አልኩ። ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ ነው። አሁን ደግሞ አንድ ነጋዴ ለቱሪስት የሚሸጥ 30 የቀበሮ ሥዕል ሥሪልኝ፣ የኮሶ እንጨቱን ከጫካ እኔ አስመጣለሁ አለኝ። ገንዘቡ ለሠርጉ ይጠቅመኛል። ምን ትመክረኛለህ? ልተወው ወይስ ልቀጥል?»

እህቴ፣ ስለ እጮኛሽም ስለ ነጋዴውም ሳላወራ መጀመሪያ በሩን ክፈቺ!

የምቀልድ እንዳይመስልሽ። ያ ራስ ምታትና ማጥወልወል የሥራ ድካም አይደለም። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ዓይን አያቃጥል። ከሰሉ ጭሱን ጨርሶ ቀይ ፍም ሲሆን «አሁንማ ንጹሕ ነው» ብለን ወደ ቤት የምናስገባው እሱ ነው እንግዲህ አታላዩ። ጋዙ ከደም ጋር ተጣብቆ ኦክስጅን የሚያዝበትን ቦታ ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ቀጥሎ ያጥወለውላል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይመጣል... ከዚያ እንቅልፍ የማይነቃ ሰው አለ። በየደጋው ከተማ በክረምት ከሰል አስገብተው ተኝተው ያልነቁ ሰዎች ወሬ የማያውቅ የለም። ስለዚህ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ከሰሉ ወይ ማድ ቤት፣ ወይ በረንዳ። በረደኝ ካልሽ ጋቢ ደርቢ። ራስሽን ካመመሽ ወዲያው ወደ ውጭ ውጪ፤ ካልተሻለሽ ጤና ጣቢያ ሂጂና «ከሰል ያለበት ቤት ዘግቼ ነበር» ብለሽ ንገሪያቸው። ይሄን ካላልሻቸው ጉንፋን ነው ብለው ሊመልሱሽ ይችላሉ።

እናትሽን በተመለከተ ግማሹን ትክክል ናቸው። «የሴት ልጅ መጫወቻ አይደለም» ያሉትን ለጊዜው እንተወው፤ «ታቃጥይናለሽ» ያሉት ግን ከባድ ቃል ነው። እዚህ ባሌ ውስጥ እሳት ሲባል ሰው ዝም ብሎ አይሰማም። በ1992 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የባሌና የቦረና ደን ሲነድ ከውጭ አገር ሳይቀር ባለሙያ መጥቶ ነበር። እኔ ያኔ ምንም አላውቅም፤ እናትሽ ግን ያስታውሱታል። ስለዚህ ከአጠገብሽ አንድ ባልዲ አሸዋ ወይም ውኃ አኑሪ፣ የጋለውን ብረት የምታሳርፊበት ጡብ ወይም ድንጋይ ይኑርሽ፣ ሻሽሽን ጥብቅ አድርገሽ እሰሪ፣ ናይለን ልብስ አትልበሺ። እናትሽ ይህን ሲያዩ ግማሽ ንዴታቸው ይበርዳል። ብትቃጠዪ ደግሞ ቅቤም፣ የጥርስ ሳሙናም፣ ሊጥም አትቀቢ። የሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር 20 ደቂቃ ያህል መያዝ ነው። የጎባ ውኃ ለዚህ ተፈጥሯል።

አሁን ወደ ዋናው ጨዋታ እንግባ። ሌሎቻችሁም ጆሮ ስጡኝ፤ ምክንያቱም ይህቺ ልጅ የያዘችው ነገር ሥራ ፈትቶ ጥግ ይዞ ከመዋል በብዙ እጅ ይሻላል።

ነገርዬው ፓይሮግራፊ ይባላል። ቃሉ የግሪክ ነው፤ በእሳት መጻፍ እንደ ማለት። ስሙ የፈረንጅ ይሁን እንጂ ሥራው የፈረንጅ ብቻ አይደለም። በደቡብ ኦሞ ቅል ላይ በጋለ ብረት የሚወጣውን ጌጥ ያየ ያውቀዋል። እኛም ዘንድ ብትሩን፣ የማንኪያውን እጀታ፣ በርጩማውን ሚስማር አግሎ ያላስጌጠ እረኛ የለም፤ ስም አላወጣንለትም እንጂ። ፈረንጆቹ ዘንድ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ አልፍሬድ ስማርት የሚባል የሜልቦርን አርክቴክት ውስጡ ክፍት በሆነ የፕላቲኒየም እርሳስ ውስጥ የቤንዚን ተን እየነፋ ሁልጊዜ የጋለ መሣሪያ ሠራ። ከዚያ ወዲህ ብረቱን ደጋግሞ እሳት ውስጥ መክተት ቀረና ነገሩ የቤት ውስጥ ሥራ ሆነ። ኒውዮርክ የነበረው ፍሌሚሽ አርት ካምፓኒ ሥዕሉ የታተመበትን እንጨት ከነመሣሪያው ይሸጥ ነበር። ከገዢዎቹና ከሠሪዎቹ ብዙዎቹ እነማን ነበሩ? ሴቶች! እንግዲህ «የሴት ልጅ መጫወቻ አይደለም» የሚለው እዚህ ላይ ወደቀ። (እናትሽን ግን በዚህ እንዳትከራከሪያቸው፤ ኒውዮርክን ቆጥሮ የተረታ እናት አላየሁም።)

መሣሪያውን በተመለከተ፤ ለጀማሪ ሚስማርና የብስክሌት ራጂ ይበቃል። ሦስት አራቱን ፍም ውስጥ ከተሽ አንዱ ሲቀዘቅዝ ሌላውን በፒንሳ ታነሻለሽ፤ ወይም የእንጨት እጀታ ታበጂለታለሽ። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ብረቱ ፍም መስሎ ሲቀላ ወዲያው እንጨቱ ላይ ይለጥፈዋል። ያኔ መስመር አይወጣም፣ ጉድጓድ ነው የሚወጣው። እንጨት ለመጥቆር ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትንሽ ማለፍ ይበቃዋል፤ የቀላ ብረት ግን ከዚያ በጣም ይርቃል። ቅላቱ እስኪጠፋ ጠብቂ፣ ቁርጥራጭ ላይ ሞክሪ፣ ከዚያ ሥዕሉ ላይ ሂጂ።

ከሰል ለመተው ከፈለግሽ (ብትተይው ደስ ይለኛል) ራዲዮ ጠጋኞች እርሳስ የሚያቀልጡበት የኤሌክትሪክ ብረት አለ። 30 ወይም 40 ዋት የሆነው ይበቃሻል። ጫፉን በሞረድ አሹለሽ መጠቀም ትችያለሽ። የተሠራበትን አሮጌ ግን አትግዢ፤ እርሳስ መርዝ ነው፣ ጫፉ ላይ የቀረው ከጭሱ ጋር ይመጣል፣ ማንኪያ ላይ ከሠራሽበትማ ወደ አፍ ይሄዳል። አዲስ ይሁን። መብራት ሲጠፋ ምን ላድርግ ካልሽ... ያን ቀን ንድፍ ትነድፊያለሽ። እኛ ጸሐፊዎቹም እንደዚያው ነን።

የእጅ ነገር ደግሞ አለ። ጀማሪ ሁሉ ይጫናል። አለመጫን ነው! የሚያጠቁረው ጊዜ እንጂ ጉልበት አይደለም። ቀስ ብለሽ ስትሄጂ ይጠቁራል፣ ፈጠን ስትዪ ቡናማ ይሆናል። ብረቱን እንጨቱ ላይ አሳርፈሽ ከዚያ ጉዞ አትጀምሪ፤ መነሻው ላይ ትልቅ ጥቁር ነጥብ ይቀመጣል። አውሮፕላን ሲያርፍና ሲነሣ እንደሚያደርገው እጅሽ እየሄደ ይንካ፣ እየሄደ ይነሣ። እንጨቱ ራሱ መስመር አለው፤ ለስላሳው ቶሎ ይነዳል፣ ጠንካራው እምቢ ይላል። ስለዚህ መስመሩን አቋርጠሽ ስትስዪ እጅሽ ይዘላል። የቀበሮሽ ጅራት ላይ ሁለት ቦታ እንዲህ እንደሆነ አይቻለሁ። ቅር አይበልሽ፣ ሌላው እጅግ ግሩም ነው። በተለይ የጀርባውን ጸጉር አጫጭር አድርገሽ ወደ አንድ ወገን መሳብሽን ማን አስተማረሽ? ንድፉን በእርሳስ ወይም በካርቦን ወረቀት ማሳረፍ፣ ከዚያ በፊት ጣውላውን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ ይሄን ታውቂዋለሽ።

ስህተት ብትሠሪ በምላጭ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ጥቂቱን መፋቅ ይቻላል። ብዙውን ግን አይቻልም። እሳት ላጲስ የለውም። ይህን በራሴ ደርሶብኝ ነው የምናገረው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ የአባቴ በርጩማ ላይ ልብ ከነቀስቱ ስዬ የአንዲት ልጅ ስም ጻፍኩ። ስሟን ደግሞ አንድ ፊደል አሳስቼ! ልጅቷ አግብታ ልጆች ወልዳለች። በርጩማው ግን አሁንም አለ፤ አባቴ ቡና ሲጠጡ ይቀመጡበታል፣ እንግዳ ሲመጣም «ይሄ ልጄ ጋዜጠኛ ከመሆኑ በፊት የጻፈው ነው» ይላሉ።

የማይተኮስ እንጨትም አለ። ኮምፔንሳቶና ኤም ዲ ኤፍ በሙጫ ነው የተጣበቁት፤ ሲነዱ የሚወጣው ጭስ ሳንባ ይጎዳል። ቀለም ወይም ቨርኒሽ የተቀባ፣ በመድኃኒት የተነከረ የመብራት ምሰሶ ቁራጭ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የዕቃ ሳጥን እንጨት፣ እነዚህን ሁሉ እርሷቸው። ሥዕሉን ከጨረስሽ በኋላ ሰም ከዘይት ጋር አቅልጠሽ በጨርቅ ብትቀቢው ያምርበታል፤ የሐረና ማር አገር ሆነን ሰም አጣን አይባልም። ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ ግን አይሰቀል፣ ከጊዜ ብዛት ይደበዝዛል።

አንድ ነገር በቅንፍ ልበል። ሰው «የእናቴን ሲንቄ አስጊጪልኝ» ብሎ ቢያመጣልሽ እምቢ በዪ። ሲንቄ በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ሴት ልጅ ስትዳር ከእናቷ የምትቀበላት፣ ጠብ የሚበርድባት፣ የሴት መብት የሚከበርባት በትር ናት። የጌጥ ዕቃ አይደለችም። ከሱቅ የተገዛ ከዘራ ላይ ግን የፈለግሽውን ሥሪ።

ወደ ነጋዴው እንመለስ። ሠላሳ ቀበሮ! ለሠርግ ወጪ እንደሚያጓጓ አውቃለሁ፤ እኔም በቁራጭ ጽሑፍ የምኖር ሰው ነኝ፣ ትእዛዝ ሲመጣ ልቤ እንዴት እንደሚዘል አትጠይቂኝ። የኮሶውን ነገር ግን እምቢ በዪው። አንደኛ፣ ሕግ አለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጽድን በስም ጠርቶ ከመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። አዋጁ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ በሌላ ቢተካም «ከጫካ እኔ አስመጣለሁ» የሚለውን ነገር የፈቀደ የለም። ኬላ ላይ እንጨቱ ቢያዝ ነጋዴው «የእሷ ነው» አይልም ያለው ማነው? ሁለተኛ፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከተመሠረተ ከ1962 ዓ.ም. ወዲህ ስንት መከራ አይቶ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ዲንሾ ላይ የደጋ አጋዘኑ የሚጠለልበት ያ ኮሶና ጽድ ነው። ቀይ ቀበሮውስ በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቹ ከ500 አይበልጡም፣ ከግማሽ በላዩ እዚሁ እኛ ዘንድ ነው። የሳነቴን ቀበሮ ለማየት አገር አቋርጦ የመጣ ቱሪስት ሥዕሉ ከዚያው ተራራ በተቆረጠ ኮሶ ላይ መሠራቱን ቢሰማ ገዝቶ ይሄዳል ወይ? አይመስለኝም።

ሦስተኛው ደግሞ ሙያዊ ነው፤ ነጋዴው ይህን ቢሰማ ራሱ ይተወዋል። ኮሶ ውስጡ ቀይ ነው፣ ይጠቁራል። ቀላ ያለ እንጨት ላይ የተተኮሰ መስመር አይጎላም፤ ቡናማው ጥላ ሁሉ ይጠፋብሻል። የምትፈልጊው ነጣ ያለ፣ መስመሩ የደቀቀ እንጨት ነው። ለዚህ ደግሞ የፈረንጅ ጽድ የሚባለው አለልሽ! ሰው የሚተክለው፣ እንደ ልብ የሚሸጥ፣ ፈዛዛ ቢጫ የሆነ። ዓይን ዓይኑን እየሸሸሽ ምረጪ፤ እንጨትም እንደ ሰው ዓይን አለው አይደል? ሮቤም ጎባም ያሉ አናጺዎች ቤት ቁርጥራጩ ለማገዶ ነው የሚሄደው። እኔ ለአንተ ሥዕል እሰጥሃለሁ፣ አንተ ቁርጥራጩን አስቀምጥልኝ በዪው፤ ብዙዎቹ ደስ ይላቸዋል። ነጋዴውን «ቀበሮውን እሠራለሁ፣ እንጨቱን ግን ራሴ አመጣለሁ፣ ግማሽ ክፍያ በቅድሚያ» በዪው። ከተስማማ ሰው ነው፤ እምቢ ካለ የሚፈልገው ሥዕሉን አልነበረም። ሠላሳውንም አንድ ዓይነት አታድርጊ። አምስቱ ጅብራ፣ አምስቱ አጋዘን ይሁኑ። እጅሽም አይሰለችም።

አሁን ወደ መምህሩ። ብዙዎቻችሁ «ተይው! ገና ሳያገባት ማዘዝ ጀመረ!» ብላችሁ እንደምትጮኹ ይሰማኛል። እኔ ግን አልቸኩልም። ራስሽ «ጥሩ ሰው ነው» ብለሻል፣ እሱም ጠየቀ እንጂ አላዘዘም። ችግሩ አንቺ ዝም ማለትሽ ነው። ዝምታ በእኛ አገር እሺ ማለት ነው፤ ሽማግሌ ፊት እንኳ ልጅቷ ዝም ስትል ተስማማች ይባላል። ስለዚህ እሱ አሁን ጉዳዩ አልቋል ብሎ ተቀምጦ ይሆናል። ከሠርጉ በኋላ ከሰልሽን ይዘሽ ብቅ ስትዪ «ቃል ገብተሽልኝ» ይላል፣ አንቺ «መቼ?» ትያለሽ፣ ጠቡ የሚጀመረው ያን ቀን ነው።

ቀድመሽ ንገሪው። ማታ፣ በስልክ አይደለም። በቀን፣ ከሥራሽ አጠገብ አስቀምጠሽ። ምን እንደሚከብደው ጠይቂው። ጭሱ ከሆነ በኤሌክትሪክ ብረትና በክፍት መስኮት አብዛኛው ይቀንሳል። ገንዘቡ ከሆነ የሸጥሽውን ቁጠሪለት። «ሰው ምን ይላል» ከሆነ ግን እሱ ሌላ በሽታ ነው፤ ዛሬ በእንጨቱ ይጀምርና ነገ በልብስሽ፣ ከነገ ወዲያ በጓደኞችሽ ይመጣል። እዚያ ላይ ከደረሰ ሠርጉን ስድስት ወር ማስተላለፍ ነውር አይደለም። ድንኳን አልተተከለም፣ በሬ አልታረደም።

ስለ ጭሱ ሽታ ግን አንድ ነገር ንገሪልኝ። የባሌ ልጅ ከሆነ እናቱ የወተቱን ዕቃ በወይራ አጥነው ነው ያሳደጉት። ያ ጭስ ያላረፈበት ወተት ቢሰጡት ኖሮ «ይሄ ምን ወተት ነው?» ይል ነበር። ቡናውም ሲቆላ ይጨሳል፣ ዕጣኑም ይጨሳል፣ ጋቢውም ጭስ ጭስ ይላል። ታዲያ ጎባ ውስጥ ጭስ ጭስ የማይል እጅ ከየት ሊያመጣ ነው? ይሄን ስትነግሪው እየሳቅሽ ይሁን። እንዲሁ ከተናገርሽው ይቆጣል፤ መምህር አይደል?

ቀበሮሽን ጠረጴዛዬ ላይ አቁሜያታለሁ። የመለስኩልሽ መስሎሽ ፖስታውን እንዳትጠብቂ፣ አልመልስም። ነጋዴው ምን እንዳለሽ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ራስ ምታቱ እንደተወሽ በዚያው ረዳት እጅ ጻፊልኝ።

የቤት ኪራዩ ጉዳይ ለሳምንት ነው። ቸር ሰንብቱ!